ኤኬይን የተማርኩበት ባጃጅ

ትናንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የላሸቀ ማንጎና የቤንዚን ሽታ አብረው ነበሩ። ለየብቻቸው ሁለቱም ምንም አያደርጉኝም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ አፌ ውስጥ ደም ደም ይለኛል። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» አለኝ። ወንበሩ ላይ እንዳላስመልስበት ፈርቶ ነው። ወረድኩለት። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። የሚያባርረኝ ሳይኖር እየፈጠንኩ ነበር።

የወንድሜ ባጃጅ እንደዚያ ይሸት ነበር። የራሱ አልነበረም፤ የሰው ነበር፣ እሱ ይነዳው ነበር። በማንጎ ወቅት አሶሳ ውስጥ ማንጎ የማይሸት ባጃጅ የለም። ሴቶቹ በጆንያ ሞልተው ያመጡታል፣ ከኋላ ወንበር ሥር ይጠቀጥቁታል፣ የታችኞቹ ይፈርጣሉ፣ ከዚያ ፀሐይ ያገኛቸዋል። ወንድሜ በሳሙና ያጥበው ነበር። አይለቅም።

የምነግርህ ስለ አንድ ቃል ነው። ኤኬይ ይባላል። የግሪክ ቃል ነው፣ እዚያ ማለት ነው። ለ«እዚህ»ም ሌላ ቃል ነበረው፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ወንድሜ ሁለቱንም አስተምሮኝ ነበር፣ የቀረኝ ግን አንዱ ነው።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። አይ፣ ይበልጠኝ ነበር። በየዓመቱ ልደቴ ሲደርስ እየደረስኩበት ነው።

በአዘቦት ቀን ባጃጅ ይነዳል፤ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የነገረ መለኮት ትምህርት ይማር ነበር። አስተማሪያቸው ከደጋ ተመድበው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቅዱሱ ቃል መጀመሪያ በተጻፈበት ቋንቋ ሳታነቡ ሕዝብ ፊት አትቁሙ ይሏቸው ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል። ወንድሜ ግን እውነት አድርጎ ያዘው። ቃላቱን በወረቀት ይገለብጥና በፕላስተር የባጃጁ የፊት መስታወት ላይ ይለጥፋቸዋል። ተራ ሲጠብቅ ያጠናል። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሾፌሮቹ አይለቁትም ነበር።

«ፓስተር! መንግሥተ ሰማያት የምትወስደን በኮንትራት ነው በተራ?»

«በተራ ነው። አንተ መጨረሻ ላይ ነህ።»

«ኧረ እባክህ፣ ጎማዬ ሳይተነፍስ አስገባኝ!»

እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ተራው ላይ አገኘዋለሁ፤ ከሱ ወንበር ጫፍ በግማሽ ጎኔ እቀመጣለሁ። ያጠናውን እንዲይዝ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገው ነበር። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ማስተማሩን የወረሰው ከአባታችን ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ ለሱ የሰጠውን ኩርኩም ሁሉ እሱ ሳያጎድል ለኔ አስተላለፈው።

«ኤኬይ ምንድን ነው?»

«እዚያ።»

«ወደዚያ ሄደ ስትልስ?»

«ወደ... የሆነ ነገር ይጨመርበታል።»

ኩርኩም።

«ምንም አይጨመርበትም! እዚያ ተቀምጧል ብትልም፣ ወደዚያ ሄደ ብትልም፣ ያው ኤኬይ ነው። ከዚያ መጣ ስትል ብቻ ጅራት ይወጣለታል። ኤኬይቴን። በል።»

«ኤኬይቴን። የመጣችው ሴት ከሆነችስ?»

«ቦታ ነው እኮ የምልህ! ቦታ ሴትና ወንድ አለው? ለአንድም ሰው ለሺህም ሰው አይለወጥም።»

ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። ማንጎ ሻጯ እናት ነበሩ። የቤርታ ሰው ናቸው፤ ከገበያ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ሁልጊዜ በኛ ባጃጅ ነበር። አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ለሴትም ለወንድም፣ ለራሳቸውም ለሌላም፣ በአንድ ግሥ ነው የሚጨርሱት።

«ይሄ ቋንቋ ጥሩ ነው ወላሂ» አሉ። «ሴት የለም፣ ወንድ የለም። እንደ እኔ አማርኛ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ጋ ስንቃረብ ወደ ማንጎው ዛፍ በአገጫቸው እያሳዩ «ኤኬይ! ኤኬይ አቁም!» ይሉ ነበር። ወንድሜ ደስታውን አይችለውም። «አየህ? አንተ ሳትይዘው እሳቸው ቀደሙህ» ይለኛል።

እውነቱን ነበር። አልያዝ አለኝ። በመጨረሻ ሲደክመው «ሥዕል ትችል የለ፣ ሥዕል ሥራበት» አለኝ። የፈለገው አንድ ክብ፣ ራቅ ብሎ ሌላ ክብ፣ በመሃላቸው ቀስት ነው። እኔ ክብና ቀስት ብቻ ሰለቸኝ። ከተማችንን ሳልኩት። አደባባዩን፣ ገበያውን፣ ሆስፒታሉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቤታችንን። ከቤታችን ወደ ገበያው በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀስት፤ በላዩ ኤኬይ። ከገበያው ወደ ቤታችን በቀይ ቀስት፤ በላዩ ኤኬይቴን። የግሪክ ፊደሎቹን እየተጠበብኩ ጻፍኳቸው፣ በላያቸው ያለችውን ትንሽ ቆብ እንኳ አልረሳሁም።

ወንድሜ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየው። የድሮውን ከመስታወቱ ልጦ የኔን ለጠፈ። «አሁን ገና ገባኝ» አለ። እሱ ድሮም ይገባው ነበር። እኔን ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ ነው።

ያ ሰሞን ክፉ ነበር። ከከተማው ውጭ መንገድ ላይ መኪና ይመታ ነበር። ማን እንደሚመታው ሁሉም ሰው እርግጠኛ ነበር፤ ሁሉም የሚለው ግን የተለያየ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘጋ። እናቴ በቀን በርሜሉን በር ላይ ታስደግፍ ነበር፤ ባዶ በርሜል ማንን ያቆማል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ተራው ላይ ቆመን ሳለ ከሆሞሻ ከተማ መንገድ በኩል አንድ ሚኒባስ መጣ። ከማየቴ በፊት ድምፁን ሰማሁት። ጎማ አልነበረውም፤ ቸርኬው አስፋልቱን እየፋቀ ነው የሚመጣው። መስታወት የሚባል አልቀረለትም። አንዲት ሴት በመስኮቱ ወደ ውጭ ተዘርግታ እጇ ይወዛወዝ ነበር፤ ሰላም የምትል መስሎኝ እጄን ላነሳ ነበር።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ሁሉ ሮጡ። ሲቀልዱ የነበሩት ናቸው። ወንድሜ አንድ ሰውዬ አቅፎ አመጣ፤ እኔ ከኋላ ተቀብዬ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሆዱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ነበር፣ በጣቶቹ መሃል ደሙ ይወጣል። ሙቅ ነበር። የሰው ደም ያን ያህል እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር። «ውሃ፣ ውሃ» ይለኛል። ወንድሜ ጥሩምባውን ሳይለቅ ነዳ። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሰውዬው ውሃ መጠየቁን ትቶ ነበር።

ተመልሰን ሌላ ጫንን። ከዚያ ሌላ።

ከሰዓት ወንድሜ ወንበሩን ሦስት ጊዜ አጠበው። ላስቲኩ ጠራ። ስፖንጁ ግን ጠጥቶት ነበር፤ ሰው ሲቀመጥበት በስፌቱ በኩል ተመልሶ ይወጣል።

በማግሥቱ ከተማው በአንድ ወሬ ተነሳ። ለሚቀጥለው ጥቃት ቤት እየለዩ፣ መንገድ እየሳሉ የሚሰጡ ሰዎች ገብተዋል ተባለ። ማን አየ? ማንም። ግን ሁሉም የሰማው ካየ ሰው ነው።

ወንድሜ ሥራ አልቀርም አለ። እኔም ቤት አልቀርም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ማንጎ ሻጯን እናት ከነጆንያቸው ይዘን ወደ ቤታቸው ስንሄድ፣ ከኛ ሰፈር ራቅ ያለ ቦታ ላይ ልጆች ቀርከሃ አጋድመው መንገድ ዘግተዋል። ዱላ የያዘ አለ፣ ገጀራ የያዘ አለ። አንዱ ከአጥር የተነቀለ ብረት ይዞ ነበር። ሰፈራቸውን መጠበቃቸው ነው። የምልህ ይገባሃል? ሽፍታ አልነበሩም። ትናንት ከዚያ ሚኒባስ ላይ ዘመድ ያወረዱ ልጆች ነበሩ። ዓይናቸው እንቅልፍ አልነበረበትም።

«ውረዱ!»

ወረድን። ቀይ ኮፍያ ያደረገው አለቃቸው ይመስላል፣ ዕድሜው ከወንድሜ አይበልጥም። የኋላውን ወንበር በመዳፉ ጫን አደረገው። መዳፉን አነሳና አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደም ነው» አለ ወንድሜ። «ትናንት ቁስለኛ ጭኜበት ነው።»

«የማንን ቁስለኛ?»

ወንድሜ የማን ይበል? ስማቸውን አልጠየቅናቸውም።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ያዩት። ቀይ ኮፍያው ገነጠለው።

«ይሄስ?»

«ትምህርት ነው። ግሪክ ነው።»

«ግሪክ አሶሳ ምን ትሠራለች?» አለ አንዱ፤ ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ሲስቁ የተረፍን መስሎኝ ነበር።

ቀጭን ረጅም ልጅ ከኋላ መጣ። «አምጡ እስቲ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ» አለ። ወረቀቱን ገለበጠው፣ አዞረው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ አደባባዩ ነው። ይሄ ሆስፒታሉ ነው። ኧረ ጉድ፣ ቀስት አለው! መግቢያውም መውጫውም አለው!»

«ይቺ ቤት የማን ናት?»

«የኛው ቤት ናት። እዚህና እዚያ ማለትን የምናጠናበት...»

«ቀዩ ቀስት ምንድን ነው?»

«ከዚያ ማለት ነው። ከዚያ መጣ።»

«ማን ነው ከዚያ የሚመጣው?»

«ማንም። ምሳሌ ነው።»

«ማን ነው የሳለው?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም።

ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ቆሜ ነበር። ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው። «እኔ ነኝ።» ከዚያ ወረቀት ስጡኝ፣ እዚሁ መልሼ ልሳልላችሁ፣ የተማሪ ጨዋታ ነው ማለት እችል ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ትምህርት ቤት ቢዘጋም ደብተር በእጄ ነበር፣ ያምኑኝ ነበር። ያምኑኝ ነበር ብዬ ነው የማስበው። አላልኩም። ወንድሜ ወደኔ አላየም። አንድ ጊዜ እንኳ። ሆን ብሎ እንደሆነ ያወቅኩት ኋላ ነው።

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አለ።

ቀይ ኮፍያው ወደኔ ዞረ። «ይሄስ ማን ነው?»

«ተሳፋሪ ነው። ተማሪ ነው፣ ልቀቁት» አለ ወንድሜ።

«አንተ፣ ይሄን ጽሑፍ ታነበዋለህ?»

ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። ኤኬይ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ። የራሴ ትንሽ ቆብ። አነበብኩት፤ በልቤ ነው ያነበብኩት።

«አላውቅም» አልኩ።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ ነው ያረፈው። ወንድሜ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ዱላው ክንዱን አገኘው። ቀርከሃ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ታውቃለህ አይደል? እንደዚያ ጮኸ። ዱላው አልነበረም የተሰበረው።

ማንጎ ሻጯ እናት በመሃላቸው ገቡ። «ይሄ ትምህርት ነው! ወላሂ ትምህርት ነው! እኔ ያውቃል! ኤኬይ፣ እዚያ ማለት ነው! እዚያ!» እያሉ ወደ ገበያው በእጃቸው ያሳያሉ።

«የት እዚያ? እዚያ ምን አለ?»

«እዚያ! ምንም የለም! እዚያ ነው!»

«አሮጊቷም ገብታበታለች» አለ አንዱ፤ ገፈተራቸው። በጆንያቸው ላይ ወደቁ። ማንጎው በየመንገዱ ተንከባለለ፣ የሚማቱት ሰዎች እየረገጡት ያዳልጣቸዋል። አንዱ አዳልጦት ወደቀና በንዴት ተነስቶ የባሰ መታ። እሳቸው ተነሱ። እንደገና ገቡ። አማርኛቸው አልበቃ ሲላቸው በቤርታ ጮኹ። በሦስተኛው አፋቸው ደማ፤ ቁጭ ብለውም መጮኻቸውን አላቆሙም።

እኔ አማርኛ አሳምሬ እችላለሁ። በአማርኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ።

ብረቱን የያዘው ልጅ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ወንድሜ በጉልበቱ ነበር፣ አንድ ክንዱ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ተንጠልጥሎ። ብረቱ አገጩ ላይ አረፈ። ከዚያ መሬት ላይ ሆኖ ነው የመቱት፤ በእግር፣ በዱላ፣ ተራ እየተጠባበቁ ሳይሆን ተሻምተው። ጀርባው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው እንደ እህል ጆንያ ነበር። እሱ አልጮኸም። ወይ ጮኾ እኔ አልሰማሁም። የምሰማው የሚማቱትን ትንፋሽ ነበር፤ ቁና ቁና።

ያቆማቸው አንዲት ሴት ናት። ከአንድ ግቢ ነጠላዋ እየተጎተተ ወጣች፤ ጩኸቱን ሰምታ ነው። መሬት ላይ ያለውን ፊት አየችና ራሷን ያዘች።

«ምን አደረጋችሁ! ይሄ ትናንት እናቴን ሆስፒታል ያደረሰው ልጅ ነው! ይሄ ነው እኮ! ይሄ ነው!»

ዱላው ሁሉ ባለበት ቆመ። ቀይ ኮፍያው ኮፍያውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው አላውቅም፤ በእጁ ይዞት ቆመ። ከዚያ ራሳቸው አነሱት። የመቱት እጆች ናቸው ቀስ ብለው፣ «ቀስ፣ ቀስ፣ ክንዱን» እየተባባሉ፣ ሲነዳው በነበረው ባጃጅ ውስጥ ያስገቡት። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰው ልጅ ነዳ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላል፤ ለኔ ይበል ለሱ ይበል ለመንገዱ ይበል አላውቅም። የወንድሜን ራስ ጭኔ ላይ ያዝኩ። ያን ጊዜም እንኳ ወንድሙ መሆኔን አልነገርኩትም።

ማንጎ ሻጯ እናት አሁንም ገበያ አሉ። ከንፈራቸው ላይ ጠባሳ አለ። ሳልፍ ካዩኝ ይጠሩኛል፣ አንድ ማንጎ በግድ እጄ ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ እኔ እኮ ያን ቀን...» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «አንተ ልጅ ነበረ» አሉኝ። «እኔ አሮጊት ነው። አሮጊት አይፈራም።»

ወንድሜ ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየ። ሐኪሙ ውስጡ ይደማል፣ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይሂድ አለ፤ መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር። እናቴ ከአልጋው ሥር አልተነሳችም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በመምጠጫ የሚጠጣውን አጥሚት ልታመጣ ቤት ሄደች፤ እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ውጭ የሆነ ሰው ልብስ ሲያሰጣ ይሰማል። አገጩ በጨርቅ ታስሯል። ቃል ለማውጣት በጥርሱ መሃል መግፋት ነበረበት።

«መቱህ?» አለኝ።

«አልመቱኝም።»

ዓይኑን ጨፈነ፤ ተኛ ብዬ ነበር። «ጎበዝ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፦ «ዝም ማለትህ... ጎበዝ። ለእማዬ... አንድ ይቅርላት።»

ቢሰድበኝ ምን ነበረ። «ለምን ዝም አልክ?» ቢለኝ እመልስለት ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ መልሱን ሳዘጋጅ ነበር። አመሰገነኝ። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቀኝ?

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አልኩት። ዘግይቶ። ለሱ።

በደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ከጫፉ ገለጥ አደረገ። ሰውነቱን ወደ ግድግዳው ለመጠጋት ሲሞክር ላብ በግንባሩ ወጣ፤ ተው ብለው አልተወም። ቦታ እየለቀቀልኝ ነበር። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ገባሁ። ፊቴን ወደሱ አደረግኩ፣ እሱ እጁን በጆሮዬ ላይ አደረገ። ነርሷ ገብታ አየችን፤ ሁለት ሰው አልጋ ላይ አይፈቀድም ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ወጣች።

ሦስት ቀን አልተኛሁም ነበርና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ እጁ ጆሮዬ ላይ ነበር። ቀዝቅዟል። መጋረጃውን ነፋስ ያነሳዋል፣ ይመልሰዋል። በኮሪደሩ የእናቴን የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ አጥሚቱ እንዳይደፋባት ቀስ ብላ ትራመድ ነበር። በሩ ጋ እስክትደርስ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። የተኛሁ መስዬ ጠበቅኳት።